ለበዓል ምኑን ከየት? የአዲስ አበባ የበዓል ገበያዎች በንጽጽር

በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ገበያ አይጠፋም፤ የሚያስቸግረው መብዛቱ ነው። ባዛሩ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ መርካቶ ከሁሉም ይረክሳል ይባላል፣ ሾላ ለብዙ ሰፈር ቅርብ ነው፣ በእሁድ ገበያ ዋጋው ተለጥፎ ይጠብቃል፣ በግ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ሰው የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን መርጦ ሁሉንም እዚያው ለመጨረስ ሲሞክር ነው። ለቅቤ የሚኬድበት ቦታ ለድስት አይሆንም፤ ሽንኩርት የሚገዛበት ቀንም በርበሬ ከሚገዛበት በወራት ሊርቅ ይችላል። ከታች ያለው ንጽጽር የተሠራው ለዚህ ነው፦ የትኛው ዕቃ፣ ከየት፣ መቼ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ዋጋ ሲባል ሻጩ የሚጠራው ብቻ አይደለም። ትራንስፖርት፣ ተሸካሚ፣ የመግቢያ ትኬት፣ ተበላሽቶ የሚጣለው ሁሉ ይደመራል። እንበል መርካቶ ላይ በርበሬ በኪሎ 40 ብር ይቀንሳል። 3 ኪሎ ለሚገዛ ሰው ትርፉ 120 ብር ነው፤ ለታክሲና ለተሸካሚ ያወጣው ከዚህ ከበለጠ ከሰፈሩ ሱቅ ቢገዛ ይሻለው ነበር። አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ለሚገዛ ግን ልዩነቱ 680 ብር ይሆናል፣ መንገዱም ያዋጣል። ወደ ሩቅ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ይህችን ስሌት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይሥሩ።

ሁለተኛው መመዘኛ ዕቃውን መፈተሽ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ቅቤን መቅመስ፣ በግን መዳሰስ፣ ምጣድን ሶኬት ላይ መሰካት ካልተፈቀደ ዋጋው ቢረክስም ቁማር ነው። ሦስተኛው ሚዛን ነው። አራተኛው ነገ ችግር ቢመጣ ሻጩ ይገኛል ወይ፣ ደረሰኝስ ይሰጣል ወይ። የመጨረሻው ጊዜና ግፊያ ነው፤ ሕፃን ያዘለ ወይም አረጋዊ የሚያጅብ ሰው ይህን ከዋጋው በፊት ቢያስቀድም አይፈረድበትም።

ስለ ሚዛን አንድ ዘዴ፦ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ከነፕላስቲኩ ከ1 ኪሎ በጥቂት ግራም ብቻ ይበልጣል። ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙት፤ የጠረጠሩት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 1 ኪሎ ከ100 ወይም ከ200 ካነበበ ሚዛኑ ለሻጩ ነው የሚሠራው። ክርክር አያስፈልግም፣ ወደሚቀጥለው መደብ ማለፍ ይበቃል።

ባዛር

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ለብዙ ዓመታት የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛር መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሚሊኒየም አዳራሽም ተመሳሳይ ዝግጅቶችን ያስተናግዳል። አዘጋጁም ቦታውም ከበዓል በዓል ስለሚለዋወጥ ከመውጣትዎ በፊት የዘንድሮውን ማስታወቂያ ይዩ።

ባዛር ጥሩ የሚሆነው ለቤት ዕቃ፣ ለልብስና ጫማ፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደግሞ ለተማሪ ቦርሳና ደብተር ነው። ብዙ ሻጭ በአንድ ጣሪያ ስር ስለሚገኝ አምስት ዓይነት ምጣድ በግማሽ ሰዓት ማወዳደር ይቻላል፤ መርካቶ ላይ ይህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለምግብ ግብዓት ግን አይመከርም። እዚያ የሚሸጠው ቅቤና ማር በተዋበ ዕቃ ይቀርባል እንጂ ከገበያው አይረክስም።

የባዛር ትልቁ ወጥመድ "ቅናሽ" የሚለው ወረቀት ነው። ቅናሽ ከምን ላይ? የተሰረዘው ዋጋ ከባዛሩ በፊት ማንም ያልሸጠበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚፈልጉትን ዕቃ ሞዴልና ዋጋ ከሁለት ሳምንት በፊት ከአንድ ሱቅ ጽፈው ይያዙ፤ ባዛር ላይ ከዚያ ጋር ብቻ ያወዳድሩ። ሌላው ችግር ባዛሩ ሲያበቃ ሻጩ ድንኳኑን ነቅሎ መሄዱ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲገዙ እዚያው ይሰኩት፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይሥራ፣ ምጣድ ከሆነ መሐሉም ዳሩም እኩል መሞቁን ከላዩ በእጅ ሙቀት ይለኩ። ከዚያ ደረሰኝና የቋሚ ሱቁን አድራሻ ይቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ መብት ይሰጣል፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ዕቃውን ከማን እንደገዛ ለማስረዳት ይቸገራል።

የሥራ ቀን ጠዋት ለመገብየት ነው፣ ቅዳሜ ማታ ለመዝናናት። ሁለቱን ማደባለቅ አይሆንም፤ መድረኩ ሙዚቃ ከጀመረ በኋላ ስለ ዋስትና ማውራት አይቻልም። በመዝጊያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ መደርደሪያና ሶፋ ያሉ ግዙፍ ዕቃዎች ላይ ሻጮች ዋጋ ይለቃሉ፣ ጭኖ መመለሱ ወጪ ነውና። ልብስ ላይ ይህን አይጠብቁ፤ በከረጢት ይመለሳል።

መርካቶ

መርካቶ አንድ ገበያ አይደለም፤ በተራ የተከፋፈለ ከተማ ነው። እህል በረንዳ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያሉ ይቀጥላሉ። የሚፈልጉትን ተራ ስም ሳያውቁ መግባት በእግር መባከን ነው፤ በቀላል ባቡር የሚመጣ ሰው ሰባተኛ ወይም አውቶቡስ ተራ ወርዶ መጠየቅ ይችላል። የሚመረጠው በብዛት ለሚገዛ፦ ለዓመት የሚሆን በርበሬና ቅመም፣ ለድግስ ድስትና ሰሃን፣ ጀበናና ሲኒ፣ ጨርቅ። በነጠላ ዋጋው ብዙ አይለይም፣ አንዳንዱ ሻጭ በነጠላ መሸጥም አይፈልግም።

በርበሬ ከሁሉም በላይ ጊዜን ይፈልጋል። አዲሱ ምርት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወጣልና ከኅዳር እስከ ጥር የገዛ ሰው ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ተዘጋጅቷል። ነሐሴ ላይ የሚገዛ በክረምት እርጥበት የከረመውን፣ በውድ ዋጋ ይገዛል። ዛላውን ሲገዙ አንዱን ጆሮ ሥር ይዘው ይወዝውዙ፤ ደረቅ ከሆነ ዘሩ ይንኳኳል። ካልተንኳኳ እርጥብ ነው፣ በኪሎ የሚከፍሉት ለውሃ ነው፣ ቤት ሲገባም ይሻግታል። ሁለት ሦስት ዛላ ሰንጥቀው ውስጡን ይመልከቱ፤ ነጭ ወይም ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፣ በማጠብ አይጠፋም፣ ለጤናም አደገኛ ነው። የማረቆ በርበሬ ስሙ ስለሚያዋጣ ብዙው በርበሬ "ማረቆ ነው" ተብሎ ይሸጣል፤ በስሙ ሳይሆን በቀለሙና በሽታው ይወስኑ።

የተፈጨ በርበሬ መግዛት ግድ ከሆነ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ ይበትኑ። ንጹሕ በርበሬ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ወዲያው ከስር የሚዘቅጥ ሸክላ መሰል ደለል ወይም ውሃውን በቅጽበት የሚያቀላ ነገር ካለ ባዕድ ነገር ተጨምሮበታል።

ተሸካሚ ከመያዝዎ በፊት ዋጋና መድረሻ ይስማሙ፣ ከፊትዎ ይሂድ። ገንዘብ በሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ ስልክ በኋላ ኪስ መርካቶ ላይ የስልኩ መጨረሻ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል፣ በዋዜማው ቅዳሜ ግን በየትኛውም ሰዓት አይመከርም።

ሾላና የሰፈር ገበያዎች

ሾላ የቅቤ፣ የዶሮ፣ የእንቁላልና የቅመም ገበያ ነው። ዋጋው ከመርካቶ ጅምላ ቢበልጥም በኪሎና በግማሽ ኪሎ ለሚገዛ ቤተሰብ ጥሩው ምርጫ ይህ ነው፣ ምክንያቱም መቅመስና መምረጥ ይቻላል፣ ሻጮቹም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ቅር የሚያሰኝ ነገር ከሰጡ በሚቀጥለው በዓል ደንበኛ ያጣሉ።

ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ ይለያል። ለዶሮ ወጥ የሚነጠር ከሆነ መካከለኛው ይበቃል፤ ለለጋው የሚጨመረው ብር በኮረሪማና በአብሽ ስር ይጠፋል። ሻጯ ከላይ የምታስቀምሰው ሁልጊዜ ጥሩውን ነው። "እናቴ፣ ከመሐሉ ያቅምሱኝ" ብለው ቢላዋው እስከ እምብርቱ ይግባ፤ ላዩና ውስጡ በቀለምም በሽታም ከተለያየ ተሸፍኗል ማለት ነው። የአትክልት ቅቤ የተቀላቀለበት በምላስ ላይ ቶሎ አይቀልጥም፣ እንደ ሰም ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ቤት ሲያነጥሩት ደግሞ ይመዝኑት፦ ከ1 ኪሎ 800 ግራም አካባቢ ከወጣ ደህና ነው፤ ከ700 በታች ከወረደ ውሃ ወይም ሌላ ነገር ገዝተዋል፣ ያችን ደንበኛ ይቀይሩ።

የቅቤ ቀን ዋዜማው አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን፣ የገና ጾም 43 ቀን ነው፤ በጾሙ አጋማሽ የሚያልበው ማለቡን አላቆመም፣ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። ያኔ ገዝቶ አንጥሮ፣ በደረቅ ዕቃ ከድኖ ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ግርግር ውስጥ የለበትም። ለእንቁጣጣሽ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም፤ ፍልሰታ የ15 ቀን ጾም ናት፣ ከተፈታችም በኋላ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ አለ።

ዶሮ ሲገዙ እግሯ ታስሮ ቁልቁል በተንጠለጠለችበት አይፍረዱ። ትፈታና ትቁም። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይ፣ ዓይኗ ክፍት፣ ከጅራቷ ስር ያለው ላባ ንጹሕ ይሁን። የደረት አጥንቷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙት፤ እንደ ቢላዋ ስለት ከሾለ ከሥጋው ላባው ይበልጣል። እንቁላልን በስልክ መብራት ፊት ለፊት ይያዙት፤ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ክፍተት ትንሽ ከሆነ ትኩስ ነው። ቤት ሲገቡ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፦ የተኛው ትኩስ፣ የቆመው የቆየ፣ የተንሳፈፈው የሚጣል ነው።

የእሁድ ገበያ

የከተማው አስተዳደር በየክፍለ ከተማው ያቋቋማቸው የእሁድ ገበያዎች ለሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ጥሩ ናቸው። የዋጋ ጣሪያው በሰሌዳ ይለጠፋል፤ መደራደር ለማይሆንለት ሰው እፎይታ ነው። ጉድለቱ ምርጡ ቀድሞ ማለቁ ነው፦ እስከ 3 ሰዓት ያልደረሰ ሰው ተመርጦ የተረፈውን ያገኛል፣ ወይም ሰሌዳው ላይ ያለው ዕቃ መደቡ ላይ አይኖርም። ሻጩ "ይኸኛው ሌላ ደረጃ ነው" ብሎ ከሰሌዳው በላይ ከጠየቀ በቦታው ያለውን ተቆጣጣሪ ይጥሩ።

ሽንኩርት በመስከረምና በሚያዝያ አንድ አይደለም። በክረምት መውጫ የሚመጣው ውሃ የበዛበት ነው፣ በሳምንት ውስጥ ከአንገቱ መበስበስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ከ4 ቀን በላይ ቀድመው አይግዙ። አንገቱን በጣት ይጫኑት፣ ከለሰለሰ ይተዉት። ለፋሲካ ግን በደረቅ ወቅት የተነቀለ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መግዛት ይቻላል። በጅምላ የሚፈልግ ሰው ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በጃንሜዳ አልፎ ኃይሌ ጋርመንት የገባው አትክልት ተራ አለለት፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሚገዛ ግን ርቀቱ አያዋጣም።

የቁም ከብት ገበያ

ቄራ፣ ሾላ፣ ካራ፣ ጉለሌ፣ አቃቂ። ከመንገድ ዳር በግ ይልቅ እነዚህ የሚሻሉት ብዙ በግ ጎን ለጎን ስለሚታይ ነው፤ አንድ በግ ብቻውን ሲታይ ሁልጊዜ ትልቅ ይመስላል። ችግሩ ደላላው ነው። ባለቤቱን ሳያዩ ዋጋ አይቁረጡ፤ በሁለታችሁ መካከል የቆመው ሰው ከሁለታችሁም ነው የሚበላው።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ጸጉሩ ያታልላል፣ ስለዚህ መዳፍዎን ጸጉሩ ውስጥ አስገብተው አከርካሪውን ሽንጡ ላይ ይዳስሱ፦ አጥንቱ እየተቆጠረ ከተሰማ ከስቷል፣ ተሸፍኖ ከደነደነ ሥጋ አለው። የላቱን ሥር ይጨብጡ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠው ይዩ፤ ቀይ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ የነጣ ከሆነ የሆድ ትል አድክሞታል። አፉን ከፍተው የታች ጥርሱን ይዩ፤ ሁለት ትልልቅ ጥርስ መሐል ላይ ካወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። በመጨረሻ ከኋላው ቆመው ሆዱን ይመልከቱ። ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጀርባው ቀጭን የሆነ በግ ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ ነው፣ በማግስቱ ያንን ክብደት በሽንት ይጥለዋል።

ሥጋውን ሲያስቡ ግማሹን እንኳ አይገምቱ፦ 30 ኪሎ የቆመ በግ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። ዋጋውን ለ13 አካፍለው ሥጋ ቤት ካለው የበግ ሥጋ ጋር ያወዳድሩት። ብዙ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ሰው ቤት ከሥጋ ቤት መግዛት ይረክሳል፤ በጉ የሚያዋጣው ቆዳ፣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ለሚጠቀም፣ እንግዳም ለሚበዛበት ቤት ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ በሦስትና በአራት ቀን ቀድሞ መግዛት የተሻለ ምርጫ ይሰጣል፣ ግን ማሰሪያ ቦታና መኖ ይጠይቃል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጋራ ቤቱ (ኮሚናል) ውስጥ ለማሰርና ለማረድ ከኮሚቴው ጋር ቀድሞ ይነጋገር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዋጋ ሊወርድ ይችላል፣ የቀረው በግ ግን ሁሉም ዳስሶ የተወው ነው። ከመታረዱ በፊት 12 ሰዓት ያህል መኖ ይከልከል፣ ውሃ ግን ያግኝ።

ቅርጫ የሚገባ ሰው ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ በሬው ስንት መደብ ይሆናል፣ የአራጁን ማን ይከፍላል፣ ቆዳውና ጭንቅላቱ የማን ነው፣ ዕጣ የሚወጣው ከመመደቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከመደብ በኋላ ዕጣ ካልወጣ መዳቢው የራሱን ያውቃል። ጠብ ሁሉ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ሽሮ ሜዳ

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል፣ ሽሮ ሜዳ ላይም ጥር ሲቃረብ ዋጋው ይህን ተረት ያውቃል። ጥበቡን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፦ በእጅ የተሠራ ከሆነ የክሩ ዝውውር ከኋላም ይታያል፤ ጀርባው ባዶ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ሕትመት ነው። ለማሰፋት ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ይታዘዝ፤ በመጨረሻው ሳምንት የተሰፋ ልብስ ስፌቱ ከጭፈራው አያልፍም።

| ገበያ | ለምን ይሻላል | ድርድር | ደረሰኝ | ጥሩው ጊዜ | የሚጠነቀቁት |
|---|---|---|---|---|---|
| ባዛር | የቤት ዕቃ፣ ኤሌክትሪክ፣ የተማሪ ዕቃ | መጠነኛ | ተጠይቆ ይገኛል | የሥራ ቀን ጠዋት | የውሸት ቅናሽ፣ የሚጠፋ ሻጭ |
| መርካቶ | በርበሬ፣ ቅመም፣ ድስት፣ ጨርቅ በብዛት | ጠንካራ | እንደ ሱቁ | ጠዋት 2–5፣ ከበዓሉ ሳምንታት ቀድሞ | ኪስ አውላቂ፣ እርጥብ በርበሬ |
| ሾላ | ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላል | አለ | የለም | የሥራ ቀን ጠዋት | የተደባለቀ ቅቤ |
| የእሁድ ገበያ | ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥራጥሬ | የለም | አልፎ አልፎ | እስከ ጠዋቱ 3 | ቶሎ ያልቃል |
| የቁም ከብት | በግ፣ ፍየል፣ በሬ | ጠንካራ | የለም | 3–4 ቀን ቀድሞ | ደላላ፣ ውሃ የጠጣ በግ |
| ሽሮ ሜዳ | የሐበሻ ልብስ | አለ | እንደ ሱቁ | 3 ሳምንት ቀድሞ | ሕትመት |

የአደባባይ በዓላት

እነዚህ ለመገብየት አይደሉም፤ ግን ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያደርግ ይሞክራል። ደመራ መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ መስቀል አደባባይ ላይ ይለኮሳል፤ ዙሪያው ያሉ መንገዶች ቀድመው ይዘጋሉ፣ ፍተሻ አለ፣ የገበያ ከረጢት ይዞ መግባት ራስን ማስቸገር ነው። ኢሬቻ ሆራ ፊንፊኔ ከመስቀል በኋላ ባለ ቅዳሜ ይውላል፣ በማግስቱ ደግሞ ቢሾፍቱ። ጥምቀት ጥር 10 ከተራ ተብሎ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ይጀምራል። ሕፃናት ላለው ቤተሰብ ከሦስቱ ጃንሜዳ ይመቻል፣ ሜዳው ሰፊ ነውና ከግፊያው መራቅ ይቻላል፤ ጥር 11 ንጋት ላይ ለጠበሉ መርጨት የሚደረገው ግፊያ ግን ለልጅ አይሆንም፣ ረፈድ ብሎ መሄድ ነው። መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ስለተመዘገቡ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ካለዎት ማረፊያ ቀድመው ይያዙለት።

የረመዳንና የዓረፋ ገበያ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ አንዳንዴ ከፋሲካ ጋር ይገጥማል። ያኔ በግ ከሁለት አቅጣጫ ይፈለጋል፤ ዓረፋና አንድ ትልቅ በዓል በአሥር ቀን ውስጥ ከተከታተሉ በጉን ከመጀመሪያው በዓል በፊት መግዛት ያዋጣል።

እንደ ቤቱ ሁኔታ

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ቤተሰብ፦ ሽንኩርትና እንቁላል ከእሁድ ገበያ፣ አንድ ዶሮና ግማሽ ኪሎ ቅቤ ከሾላ፣ ሥጋ ከቅርጫ ግማሽ መደብ ከጎረቤት ተካፍሎ። ባዛሩን ይዝለሉት፤ ትኬቱና ልጆቹ እዚያ የሚጠይቁት ነገር የሽንኩርቱን ትርፍ ይበላዋል።

ብዙ እንግዳ የሚቀበል ትልቅ ቤት በርበሬውን ከኅዳር መርካቶ ይጨርስ፣ ቅቤውን በጾሙ አጋማሽ ያንጥር፣ በጉን ከሳምንቱ አጋማሽ ያምጣ። ሁለት ሆነው ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወጣቶች በግ ባይገዙ ነው የሚሻላቸው፤ አንድ ዶሮና ሁለት ኪሎ የበግ ሥጋ ከሥጋ ቤት ይበቃል።

ሁሉ ነገር ለዋዜማው የቀረበት ሰው ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ዶሮ፣ ምክንያቱም ጥሩዎቹ ቶሎ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ቅቤ፣ መቅመስ በግፊያ መሐል ስለማይሆን፤ ከዚያ ሽንኩርት። የሽንኩርቱ ቁሌት ረጅም ሰዓት ይወስዳልና ከ5 ሰዓት በፊት ቤት ይግቡ። ቄጤማና አደይ አበባ በየሰፈሩ መንገድ እስከ ማታ ይሸጣሉ፤ ከረፋድ የተገዛ ቄጤማ በሚጎዘጎዝበት ሰዓት ጠውልጎ ይገኛል፣ ስለዚህ እሱን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ።